ተወግቶ የለም እንዴ?

ጊዜው ኦገስት 2013 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደቡብ እስራኤል ያለችው የከተማችን የቂርያት ጋት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አስፋልቱን አግላዋለች። ወደ ሕፃናት ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቲፓት ሐላቭ፣ ልወጣ የሦስት ዓመት ልጄን ጫማ ሳስር እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጠየቀችኝ።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ለፖሊዮ ነው፣ እማዬ። ሁለት ጠብታ ብቻ ነች፤ ቶሎ እንመለሳለን።»

«ተወግቶ የለም እንዴ?»

ተወግቷል። በሁለት ወሩ፣ በአራት ወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ ዓመት ሲሞላው፤ አራቱም በክትባት ደብተሩ ላይ ሰፍረዋል። እናቴ ይህን የጠየቀችው ክትባት ጠልታ አይደለም። ጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ናት፤ የልጅነት ልምሻን በሰው ገላ ላይ አይታዋለች። አንድ እግሩ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ሲራመድ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ከብት የሚያግድ እኩያዋን ብዙ ጊዜ አንስታልኛለች። ጥያቄዋ ቀና ነበር፤ መርፌው ከጠበቀው ጠብታው ለምን? እኔ ግን «ጤና ጥበቃ አስከትቡ ብሏል» ብያት ወጣሁ። ያ መልስ አይባልም። ያን ቀን ልሰጣት ይገባኝ የነበረውን መልስ አሁን እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከፍሳሽ ነው። እስራኤል ከ1989 ጀምሮ የከተሞቿን የፍሳሽ ውሃ በየጊዜው እያስቀዳች የፖሊዮ ቫይረስ እንዳለበት ታስመረምራለች። በ2013 ሜይ መጨረሻ ከደቡቡ ክፍል በተወሰደ ናሙና ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ቀደም ብለው የተቀመጡ ናሙናዎች ሲመረመሩ ደግሞ በዚያው በደቡብ ባለችው በራሃት ከተማ ቢያንስ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እንደነበረ ታወቀ። ዘሩ ሲጠና ወደ ፓኪስታን የሚመዘዝ ሆነ፤ በ2012 ዲሴምበር በካይሮ ፍሳሽ ከታየው ጋርም የቅርብ ዘመድ ነበር። ከራሃት እስከ ቂርያት ጋት በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው። በየሆስፒታሉ እግሩ የሰለለ አንድም ልጅ አልነበረም። ቫይረሱ አለ፤ በሽተኛ የለም። የአገሪቱ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተወግተዋል። ታዲያ ቫይረሱ በየትኛው አካል ውስጥ እየተራባ ነው ወደ ቦዩ የሚወርደው? መልሱ የወላጅን ልብ የሚያስደነግጥ ነው፤ በተወጉት፣ በጤነኞቹ፣ መንገድ ላይ ኳስ በሚጫወቱት ልጆች አንጀት ውስጥ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሰውነታችን ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበትን ደጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆዳን ሁሉም ያያል፤ ቢዘረጋ ሁለት ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ከከንፈር እስከ ፊንጢጣ ያለው የምግብ መንገድ ውስጡ ተዘርግቶ ቢለካ 30 ካሬ ሜትር ያልፋል፤ የሳንባ ከረጢቶች ሲዘረጉ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚያ ላይ የዓይን፣ የአፍንጫ፣ የጆሮ ውስጥ፣ የሽንትና የመራቢያ አካላት ሽፋን አለ። ይህ ሁሉ እንደ ቆዳ የደነደነ አይደለም። አየርና ምግብ ማሳለፍ ስላለበት ስስ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ ከአንድ ረድፍ ሕዋስ አይበልጥም። ከዚያ ረድፍ ወዲያ ደም ነው።

አባቶቻችን የደጅን ክብደት ያውቁ ነበር፤ ከትልልቆቹ የጦር ማዕረጎች አንዱን ደጃዝማች ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። በሰውነታችን ደጅ ላይ የመጀመሪያው ዘብ ደግሞ ሰው የሚጸየፈው ንፍጥ ነው። አክታም ለሃጭም የአንጀት ልጋግም አንድ ወገን ናቸው።

ንፍጥ የሚሠራውን በዓይኔ ያየሁት በእናቴ ወጥ ቤት ነው። ለሆድ ድርቀት ብላ ሙሉ ተልባ በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድራለች። ጠዋት ላይ ውሃው ውሃ መሆኑ ቀርቶ ይዝለገለጋል፤ ማንኪያ ሲወጣ ክር እየሳበ ይከተላል። አንድ ቀን ከዚያ ዝልግልግ ላይ ቆንጠር አድርጌ በርበሬ በተንኩበት፤ በጎኑ ባለው ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ላይም እንደዚሁ። በውሃው ብርጭቆ በርበሬው ተበተነና ቀስ በቀስ ወደ ታች ዘቀጠ። በተልባው ግን እያንዳንዷ ፍሬ ወደቀችበት ቦታ ላይ ተይዛ ቀረች። ተልባውን የሚያዝለገልገው ውሃ አቅፎ የሚይዝ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። የኛም ንፍጥ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ የሚያዝለገልገው ሙሲን የሚባል፣ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ ዙሪያውን የስኳር ቅርንጫፍ ያበቀለ ፕሮቲን ነው።

እነዚያ ቅርንጫፎች መያዝ ብቻ ሳይሆን ማታለልም ይችላሉ። ብዙ ተሕዋስያን ወደ ሕዋስ የሚገቡት በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ የስኳር ጫፍ ጨብጠው ነው። ንፍጡም ተመሳሳይ ጫፎችን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ገባሁ ብሎ የጨበጠው የሕዋሱን ሳይሆን የንፍጡን ስኳር ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ቫይረሱ ያን ጫፍ የሚቆርጥ የራሱ መቀስ ይዞ የሚመጣው።

የተያዘው ቆሻሻ ደግሞ እዚያው አይቀመጥም። በአየር ቧንቧችን ግድግዳ ያለ አንድ ሕዋስ 200 ያህል እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች አሉት። በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ እየመቱ፣ ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ እንደሚተኛና እንደሚነሳ፣ ንፍጡን ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ሽቅብ ይገፉታል። እዚያ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የቀረውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። በጭስ በታፈነ ጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ የጋገሩ እናቶች የሚስሉት ሳል በከፊል የእነዚያ ፀጉሮች መጎዳት ያመጣው ነው።

ስለ ምራቅ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አማርኛ የሰከነን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይለዋል፤ ሽማግሌም ሲመርቅ እንትፍ ይላል። ሰው በቀን ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ምራቅ ይውጣል፤ በውስጡም የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም አለ። ይህን ያገኘው ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው፤ በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ የገዛ አፍንጫውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በሚያበቅልበት ሳህን ላይ ጨመረው፤ በዙሪያውም ባክቴሪያው ሟሟ። በእንባም ውስጥ ያው ነገር ስለነበረ፣ ለምርምሩ እንባ እንዲሰጡት ሰዎችን በሎሚ እያስለቀሰ ብዙ ሰበሰበ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማንንም ከማን ሳይለይ የሚሠራ ነው። የእናቴ ጥያቄ ግን ትውስታ ስላለው ተከላካይ ነበር፤ አንዴ ያየውን ጠላት ስለማይረሳው። እዚህ ላይ ሕክምና ራሱ ለረጅም ጊዜ የሳተው ነገር አለ። የዚህ ተከላካይ መሣሪያ የሆነው ፀረ እንግዳ አካል የደም ነገር ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1922 አርተር ዴቪስ የተባለ ሐኪም በተቅማጥ የታመሙ ሰዎችን አይነ ምድር መረመረ። ፀረ እንግዳ አካሉን በደማቸው ውስጥ ከመታየቱ በፊት እዚያ አገኘው። አንጀት ከደም ቀድሞ ተዋግቷል ማለት ነው። ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ሄረማንስ ዛሬ አይጂኤ የምንለውን ፀረ እንግዳ አካል ለይቶ ያወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1965 ደግሞ ቶማስ ቶማሲና ባልደረቦቹ በምራቅና በሌሎች የደጅ ፈሳሾች ውስጥ ያለው ከደሙ የተለየ አሠራር እንዳለው አሳዩ።

ልዩነቱን በአውድማ መሣሪያ ላስረዳ። ፀረ እንግዳ አካል መንሽ ይመስላል፤ ሁለት ጣቱ ጠላትን ይይዛል፣ እጀታው ሌላውን ይጠራል። በደም ውስጥ የሚዞረው አይጂጂ አንድ መንሽ ነው። የደጁ አይጂኤ ግን በእጀታቸው የታሰሩ ሁለት መንሾች ናቸው፤ አራት ጣት ስላለው ብዙ ተሕዋስያንን እርስ በርስ እያያያዘ ያጓጉላል። የሚሠራው ከአንጀት ሽፋን በታች ባሉ ሕዋሳት ነው። ወደ ውጭ እንዲወጣ የሽፋኑ ሕዋስ በጀርባው ተቀብሎ፣ በውስጡ አሳልፎ በፊቱ ይለቀዋል። ሲለቀውም ከራሱ አካል ቁራጭ ያለብሰዋል፤ ያ ልብስ የምግብ መፍጫ ጭማቂዎች እንዳይበሉት ይጠብቀዋል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም አይጂኤ ይሠራል፤ ይህ ከሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ድምር ይበልጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጠባዩ ነው። የደሙ ዘብ ጠላት ሲያገኝ እሳት ያነዳል፤ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። በደጅ ግን በየዕለቱ እንጀራው ያልፋል፣ የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎችም በብዛት ይኖራሉ። ለእያንዳንዱ እንግዳ እሳት ቢነድ አንጀት በአንድ ቀን ቁስል ይሆን ነበር። አይጂኤ ይይዛል፣ ያጓጉላል፣ ንፍጡ እንዲያስወጣው ይተወዋል። ጸጥ ያለ ዘብ ነው።

ይህ ዘብ የት ይሠለጥናል? በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያሉ ቦታዎች አሉ። የስዊዘርላንዱ ዮሐን ኮንራድ ፔየር በ1677 ስለገለጻቸው በስሙ ይጠራሉ። በላያቸው ያሉ ልዩ ሕዋሳት ከሚያልፈው ነገር ቆንጠር እያደረጉ ከሥር ለሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ያቀብላሉ። እነዚያም ያዩትን አጥንተው በደም ዝውውር ይወጣሉ፣ ከዚያም ወደ ደጁ ይመለሳሉ። የሚመለሱት አድራሻ ተሰጥቷቸው ነው፤ አድራሻውን የሚያሲዛቸውም አንጀት ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። እንግዲህ የእናቴ መልስ እዚህ ላይ ነው። በልጄ ጭን የተወጋው ክትባት በብሽሽቱ አካባቢ ያሉትን ዕጢዎች አሠለጠነ። የወጡት ወታደሮች ጎበዞች ናቸው፤ ግን የአንጀቱ አድራሻ አልተሰጣቸውም። ደሙን ሞሉት እንጂ ደጁ ላይ አልቆሙም።

የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ይገባል፣ በጉሮሮና በአንጀት ይራባል፣ ለሳምንታት ከአይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከተያዙት 200 ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ነርቭ ተሻግሮ እጅና እግር ያሰልላል። የተወጋ ልጅ ደሙ ተጠብቋልና ቫይረሱ ወደ ነርቩ አይደርስም። አንጀቱ ግን ክፍት ቤት ነው። ቫይረሱ ገብቶ ይራባል፣ ወጥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ልጁ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሳያመው። ያልተወጋ ጨቅላ፣ ወይም ክትባት የማይዘው ሕመምተኛ መንገዱ ላይ ካለ መከራው የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው። የከተማችን ስም ከጎልያድ አገር ከጌት የተወሰደ ነው። ጎልያድ ከራስ ቁር እስከ ቅልጥም በናስ ተሸፍኖ ሳለ የወደቀው ናሱ ባልደረሰበት በግንባሩ ነው።

የመርፌውን ክትባት ያወጣው ጆናስ ሳልክ ነው፤ በ1955 ሥራ ላይ ዋለ። ቫይረሱ የተገደለ ስለሆነ ማንንም አያሰልልም። አልበርት ሳቢን በሌላ መንገድ ሄደ፤ ቫይረሱን ሳይገድል አድክሞ በአፍ ሰጠው፣ በራሱ በበሽታው መንገድ። ደጁን ያሠለጠነው ያ ጠብታ ነው፤ በብዙ አገር በስኳር እንክብል ላይ ተንጠባጥቦ ተሰጥቷል። ሳቢን ከ1970 እስከ 1972 የቫይዝማን ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሬሆቮት ኖሯል፤ ከኛ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠብታው ግን የራሱ ዕዳ አለው። የደከመው ቫይረስ አልፎ አልፎ ኃይሉን መልሶ ያገኛል፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ጠብታዎች አንድ ልጅ ሊያሰልል ይችላል። ክትባት ባልተዳረሰበት ሕዝብ ውስጥም ከሰው ሰው እየዞረ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያም ይህ ደርሶባታል። እስራኤል በ2005 ጠብታውን ትታ መርፌውን ብቻ የያዘችው ስለዚህ ነው። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ማስጠንቀቂያ ግን ነበር። በ1980ዎቹ የሐዴራና የራምላ ወረዳዎች በመርፌ ብቻ ሲከተቡ፣ የቀረው አገር ጠብታ ይወስድ ነበር። በ1988 ፖሊዮ ተነሳና 15 ሰዎችን አሰለለ፤ አብዛኞቹ የሐዴራ አካባቢ ሰዎች ነበሩ። ከታመሙት ብዙዎቹ ደግሞ ከሕፃንነት ያለፉ ወጣቶች ነበሩ። የተወጉት ሕፃናት ራሳቸው ተጠብቀው ቫይረሱን ወደ እነሱ አሻገሩት። ፍሳሽ እየቀዱ መመርመር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ምርመራ ባይኖር ኖሮ የ2013ቱን ቫይረስ መኖር የምናውቀው እግሩ የሰለለ ልጅ ስናይ ነበር።

ስለዚህ ኦገስት 5 ቀን 2013 በደቡብ የተጀመረው፣ ኦገስት 18 ወደ መላ አገሪቱ የሰፋው ዘመቻ ጠብታውን መልሶ አመጣ። የተሰጠው ቀድሞ ቢያንስ አንድ መርፌ ለወሰዱ፣ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆናቸው ልጆች ነበር። መርፌው ደሙን ጠብቆላቸዋልና ጠብታው ሊያመጣ የሚችለው አደጋ ተዘግቷል፤ የቀረው ደጁን ማስተማር ነው። ከ900,000 በላይ ልጆች ወሰዱት። በቀጣዩ ዓመት ጸደይ ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ። አንድም ልጅ አልሰለለም።

ከዚህ ተነስቶ ጠብታ ሁሌም ይበልጣል የሚል አንባቢ ቢኖር ይሳሳታል። የደጅ ትውስታ አጭር ነው፤ የአንጀት መከላከያ ከወራት በኋላ መላላት ይጀምራል። ተቅማጥ በተመላለሰበት፣ ምግብ ባነሰው ልጅ አንጀት ደግሞ ጠብታ በደንብ አይዝም፤ በሰሜን ሕንድ አሥር ጊዜ ወስደውም ያልተጠበቁ ልጆች ነበሩ። በ2014 በዚያው በሕንድ የታየው ነገር ለኔ ከሁሉ ያስደስታል። ቀድሞ ጠብታ የወሰደ ልጅ በኋላ ሲወጋ የአንጀቱ ዘብ እንደገና ይነቃል። አድራሻውን አንዴ የያዘ ወታደር በሌላ በር ቢጠራም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያልያዘው ግን መንገዱን አያውቀውም።

አድራሻው ወደ አንድ ሌላ ቦታም ይመራል፤ ወደ እናት ጡት። አንዲት ሴት ስታጠባ በአንጀቷ የሠለጠኑት ሕዋሳት ከፊሎቹ ወደ ጡቷ ሄደው አይጂኤውን ከወተቱ ጋር ይለቃሉ። እናትየው በበላችበት ሰፈር፣ በጠጣችው ውሃ፣ በዚያው ቤት የሚዞሩትን ተሕዋስያን የሚያውቅ ዘብ፣ ገና ምንም ወደማያውቀው የሕፃኑ ደጅ ይወርዳል። ከሁሉ የበዛበት እንገሩ ነው፤ ያ ቢጫና ወፍራም የመጀመሪያ ወተት። በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ግን እንገር የቆየ፣ የተበላሸ ወተት ነው ተብሎ ይታለባል፤ ሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ይልሳል። ይህን ልማድ ያወረሱን እናቶች ልጃቸውን ይወዱ ነበር፤ ማንም ያልነገራቸው ነገር ነው። ቲፓት ሐላቭ የሚለው ስም ትርጉሙ የወተት ጠብታ ነው፤ ለዓመታት ስመላለስበት ይህ ከደጅ ጋር እንደሚገናኝ አላሰብኩም ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ዳቦ ስታቦካ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጣቷን ከሊጡ ላይ እየጠረገች፣

«አንቺን ስወልድ፣» አለች፣ «አራስ ቤት አብራኝ የነበረችው አክስቴ እንገሩን አፍሺው ብላኝ ነበር። ገና ልጅ ነበርኩ፣ እምቢ ማለት አልችልም። ጽዋውን ይዤ አልብ ጀመር። አንቺ ግን ጩኸትሽን አቀለጥሽው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ እኔም አጠባሁሽ።»